የቧልት ሥር የተማሰበት ቀን

ሰው በየቀኑ የሚናገረውን ቃል፣ ትርጉሙን እስካልጠየቁት ድረስ ያውቀዋል። ቧልትን ውሰዱ። «ቧልቱን ተወው» ያልተባለ ማን አለ? ቧልት ምን ማለት ነው ብላችሁ ግን አበሻ መሰብሰብ ደግ አይደለም። ከደረሰብኝ ነው የምናገረው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። የካ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ፣ ለዓመቱ መዝጊያ ቴአትር አዘጋጀን። ታሪኩ ሚስቱ ላይ የሚፎክር፣ ድመት ሲያይ ግን አልጋ ሥር የሚገባ የአንድ ባላባት ነው። ያን ጊዜ ሴት ልጁን መድረክ ላይ የሚሰድ ወላጅ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሚስትየዋ እኔ ሆንኩ። ጢሜን ተላጭቼ፣ ቀሚስ ለብሼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ከንፈሬን አቅልቼ ስጠብቅ ሙሽራም እንዲህ አልተኳለች።

መጋረጃው ሊከፈት ሲል የታሪክ አስተማሪው ታደሰ ወጣና፣ ዛሬ የምናሳያችሁ ቧልት ነው ብሎ አስታወቀ። የቅኔው መምህር መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ቧልት ማለት ከንቱ ዛዛታና ፌዝ እንደሆነ፣ ለዚህ ከሆነ የተጠሩት ከእንጦጦ ድረስ በቅሎ ማድከም እንዳላስፈለጋቸው ተናገሩ። ታደሰ ዝም ቢል ምን ነበረበት? የመድረክ ቧልት ሌላ ነው፣ የሰውን ጠባይ አጋንኖ እያሳዩ በሳቅ መገሠጽ ነው አለ። እስከዚህ ባልከፋ። ቃሉም ከጣሊያን ጋር የገባ ይመስለኛል ብሎ ጨመረበት።

መሪጌታ ከዘራቸውን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ።

«ጣሊያን መኪና አመጣ፣ ፍሬን አመጣ። ቧልት ግን የገዛ ቤታችን ቃል ነው፣ ልጄ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ታደሰ በማያውቀው ጣሊያንኛ ሲምል፣ መሪጌታ ግሱን እያረቡ ወለሉን በከዘራ ሲመቱ፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ሲነሳ፣ ፀሐይ ጠለቀች። ስንት ሳምንት የደከምንበት ቴአትር መጋረጃ ኋላ ቀረ። በመጨረሻ ታደሰ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ እሳቸውም ትከሻውን ይዘው ሲያነሱት፣ ሕዝቡ አጨብጭቦ ወደ በሩ ጎረፈ።

ቆዩ፣ ገና አልጀመርንም ልል ቀሚሴን ሰብስቤ ሮጥኩ። በሩ ላይ የጎረቤታችን እናት እማማ በላይነሽ እጄን ያዙኝ። ከሻሹ እስከ ጫማዬ አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሁለቱስ አሳቁን፣ እግዜር ይስጣቸው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለአንተ ግን እንጦጦ ደህና ጠበል አለ።»