በረዶ የሚጎዘጎዝለት ድልድይ

ድልድይ ጣሪያ ምን ያደርግለታል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሰው ድልድይ ላይ አያድር፣ እንግዳ አይቀበል፤ ተሻግሮ መሄድ ነው። ስዊድኖች ግን ከስቶክሆልም ራቅ ብሎ፣ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ያረጀ የእንጨት ድልድይ አላቸው። ከሩቅ ሲያዩት ወንዝ ላይ የተረሳ ጎተራ ይመስላል።

እዚያ የሄድኩት ታሪክ ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ለዕርቅ ሽማግሌ ልኬ አልሆን ብሎኝ ነው።

አባቴና አማቼ አቶ በላይ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ በምርቃቱ ሰዓት መጀመሪያ የተጠሩት አማቼ ነበሩ፣ አባቴ ሁለተኛ። በቃ! ሁለት ዓመት። የልጃችን ክርስትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሚስቴ፣ "ጀርባ ለጀርባ የሚቆሙ ከሆነ ባይደገስ ይሻለኛል" ብላ አለቀሰች። እኔም አንድ ቅዳሜ አባቴን ከቤታችን ከሜርስታ፣ አማቼን ከአልቢ፣ ላንሸራሽራችሁ ብዬ መኪና ውስጥ ከተትኳቸው። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ መስኮት ስዊድንን ሲያጠኑ ደረስን።

ድልድዩን የምታስጎበኝ አንዲት አሮጊት ተቀበለችን። ወዲያው መኪናዬን ያለቦታው ማቆሜ ትዝ አለኝና ሮጥኩ። ዝናቡም ወረደ። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ሩብ ሰዓት ያህል "ምን ተባብለው ይሆን?" እያልኩ ተጨነቅሁ።

ስመለስ አባቴ የድልድዩን ግንድ እየዳበሰ ነው። አርባ ዓመት አናጢ የነበረ ሰው ነው፤ ስዊድንኛው ግን ከ"ሄይ" አያልፍም። አማቼ ደግሞ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ አባቴ ሳይወድ በግዱ ወደሳቸው ዞረ።

"አቶ በላይ፣ ምስማሩ የታለ በሉልኝ።"

"የለም፣ በእንጨት ችንካር ነው የተያያዘው ትላለች።"

"አውቄያለሁ፤ ልፈትናት ብዬ ነው።"

ሴትዮዋ ቀጠለች። ጣሪያው ለመንገደኛው አይደለም፣ ለድልድዩ ነው፤ ያልተከደነ እንጨት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቶሎ ይበሰብሳል፣ የተከደነው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አማቼ ተረጎሙ፣ አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

"በክረምት ደግሞ በረዶ ከውጭ እየዛቁ እዚህ ውስጥ ይጎዘጉዙ ነበር ትላለች።"

"እንደ ቄጠማ? አቶ በላይ፣ ቋንቋው ጠፋብዎት። በረዶ ይጠረጋል እንጂ ይጎዘጎዛል?"

አማቼ ፊታቸው ተለዋወጠ። አለቀልኝ አልኩ። ሴትዮዋ ግን ነገሩ ገብቷት ኖሮ ጎንበስ ብላ በሌለ አካፋ መዛቅ ጀመረች። ጣሪያው በረዶ ስለማያስገባ፣ ፈረስ የሚጎትተው ጎማ አልባ የበረዶ ጋሪ ደረቅ ሳንቃ ላይ አልንሸራተት እያለ ያስቸግር ነበር ለካ!

አባቴ ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ። "ይቅርታ፣ አቶ በላይ" አለ።

ይቅርታው የበረዶው ነበር። አማቼ ግን የሁለት ዓመቱን አድርገው ተቀበሉት። "እኔም ይቅርታ። ያን ቀን መቅደም የነበረብዎት እርስዎ ነበሩ" አሉ። አባቴ ሊያርማቸው አፉን ከፈተና፣ እግዜር ይስጠው፣ መልሶ ዘጋው። ተቃቀፉ። አሮጊቷ ለድልድዩ መስሏት አጨበጨበች።

ክርስትናው አማረ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተኳርፈው ሳሉ ሕፃኗን ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ አንዱ ሰኞ ከያዛት ሌላው ማክሰኞን አይለቅም። አሁን አናጢውና አስተርጓሚው አሮጌ የእንጨት ሥራ ፍለጋ አገር ላገር ይዞራሉ። ባለፈው ቅዳሜ እኔና ሚስቴ ሲኒማ ልንገባ አስበን ብንደውል አባቴ፣ "ልጃችሁን ራሳችሁ ያዙ፣ እኛ ሥራ ላይ ነን" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።