ሁለት ኪሎ ግሪክኛ

ዛሬ እዚህ ኩዌት፣ አርዲያ ሰፈር የነበርነው እነዚህ ነን፦ በእረፍት ቀን የምንሰበሰብበት ቤት ተከራይ እትዬ ስንዱ፣ በዚህ ሳምንት ከኢጃዛ፣ ከአገር ቤት እረፍቷ የተመለሰችው ሐዋ፣ ምላሷ የማያርፈው ጽጌ፣ እና እኔ ጥሩነሽ። በስልክ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ልጄ ገብርዬ።

ስም የዘረዘርኩት በምክንያት ነው። ከአምስታችን አንዱ ታሪኩን ሳያወራው አያድርም፤ እኔው ብቀድም ይሻላል!

ልጄ አብነት ትምህርት ቤት ያደገ ነው። አሁን ነገረ መለኮት ኮሌጅ መግባት ይፈልጋል። የመግቢያ ፈተናው ላይ ጥንታዊ ግሪክኛ አለበት፤ እነሱ ጽርእ የሚሉት። የሚያስተምረው ሰው ስላጣ ለብቻው ሊማር ወሰነ።

ለብቻው! እኔ በመምህርም በአለንጋም ታግዤ አራተኛ ክፍል ነው የደረስኩት።

"እማዬ፣ ለብቻው ለሚማር ሰው የተዘጋጀ መጽሐፍ፣ አንድ ትንሽ መዝገበ ቃላት፣ አነባበቡ የሚሰማበት ሲዲ። ሌላ ምንም አልፈልግም" አለኝ። የሌላ ሰው ልጅ ከኩዌት ሞባይል ያዛል!

የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ኑራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ኩዌት ሲቲ ያሉትን መጻሕፍት መደብሮች ጠየቀችልኝ። ያላቸው ለቱሪስት የሚሆን የዛሬው ግሪክኛ ነው፤ "ሆቴሉ የት ነው" የሚል። ልጄ ሆቴል አይፈልግም።

ስለዚህ በኢንተርኔት አዘዘችልኝ። ፊደሉን ፕሪንት አደረገች፤ በነጻ የሚገኙ ትምህርቶችን ሲዲ ላይ ገለበጠች። እግዜር ይስጣት።

ማዳም ግራ ገባት። "ልጅሽ ግሪክ ሄዶ ሊሠራ ነው?"

"አይ ማዳም፣ የድሮ ሰዎች ቋንቋ ነው። አሁን ማንም አይናገረውም።"

"ታዲያ ከማን ጋር ሊያወራ ነው?"

እውነት ለመናገር፣ ይህን እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

ዕቃ በሰው እጅ መላክን መቼም ታውቁታላችሁ። ሐዋ ለኢጃዛ ልትሄድ ስትል "ሁለት ኪሎ። አንዲት ግራም ብታልፍ አልይዝም" አለችኝ። አልፈርድባትም፤ የስንቱን አደራ ተሸክማለች።

በወጥ ቤቱ ሚዛን መዘንኩት። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም!

ሲዲው እንዳይሰበር በሦስት ካልሲና በአንድ ትልቅ ፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። ፎጣውን ማውጣት አልደፈርኩም። (አዎ፣ ፎጣ ስንት እንደሚመዝን አሁን ገብቶኛል። አትንገሩኝ።)

የመጽሐፉን ጠንካራ ሽፋን ቆረጥኩ። ገና ነው።

መጨረሻው ላይ ብዙ ገጽ ሙሉ ቁጥርና አጫጭር መስመር አየሁ። ኑራን ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"የመልመጃዎቹ መልስ ነው" አለችኝ።

መልስ!

እኛ ትምህርት ቤት መልስ የሚቀመጠው በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አንገቱ ላይ። መልስ ይዞ የተገኘ ልጅ ይገረፋል፣ ወላጅም ያመጣል። ታዲያ እኔ እናቱ፣ በሰው አገር ለፍቼ፣ በገዛ እጄ መኮረጃ ልላክለት?

መቀሱን አነሳሁ።

ሚዛኑ ልክ ሁለት ኪሎ ላይ ቆመ። ለሐዋ በደንብ አሽጌ ሰጠኋት፤ ልጅ ያሳደግሁ ያህል ኮራሁ።

የቆረጥኩትን ወረቀትም አልጣልኩትም። የሳሎኑን መስታወት ወለወልኩበት። ማዳም "ማሻላህ፣ ዛሬ እንዴት አበራ!" አለች።

ወደ ዛሬ ልመለስ። ጽጌ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው።

"ገብርዬ፣ ጥናቱ እንዴት ነው?" አልኩት።

"እየሠራሁ ነው እማዬ። ግን መልመጃውን ልክ ልሥራ ልሳሳት አላውቅም። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። እስካሁን ዝም ያልኩት እትዬ ሐዋን እንዳላስቀይም ብዬ ነው፤ መንገድ ላይ ወድቆባት ይሆናል።"

ሐዋ ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች።

"እኔ? ወላሂ አንዲት ወረቀት ከእጄ አልወደቀችም! እንዳሸግሽው ነው ያደረስኩት! ተናገሪ እንጂ ጥሩዬ!"

ሁሉም እኔን አየኝ።

ማሳበብ ይቻል ነበር። ፋብሪካው ረስቶት ነው፣ ጉምሩክ ከፍቶት ነው፣ ስንት ነገር በአእምሮዬ መጣ። የሐዋ ዓይን ግን እንባ አቅርሯል።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እንዳትኮርጅ ብዬ።"

ካርዱ ያለቀ መሰለኝ። ምነው ባለቀ!

"እማዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ከማን ነው የምኮርጀው? መምህር እኮ የለኝም። መምህሬ እነዚያ ገጾች ነበሩ።"

"ገጾቹስ የት አሉ?" አለች እትዬ ስንዱ፣ ነገር ለማብረድ።

ተናገርኩ። መስታወቱን።

ጽጌ አላስቻላትም። "ኧረ ጉድሽ! የልጁን መምህር ቆርጠሽ መስታወት ወለወልሽበት?"

ሳቁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ገብርዬም ሳቀ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐዋ ይቅር ብላኛለች። "ከዛሬ ጀምሮ ግን አደራሽን እኔው ነኝ የማሽገው። ፎጣ የሚባል አላይም!" ብላለች።

ሥራ ቤቴ ስመለስ ለኑራ ነገርኳት። መጽሐፉ እንደገና ቢታዘዝ እዚህ ለመድረስ ብቻ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ፈተናው የቀረው አራት ሳምንት ነው። መልሱን ብቻ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አጣችው። "ሚስኪን" አለች። እኔን ይሁን ልጄን አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ምን ተማርኩ? አራተኛ ክፍል የደረሰች ሴት መቀስ ከማንሳቷ በፊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ትጠይቅ! እናንተስ ለልጃችሁ በጎ አስባችሁ ምን አበላሽታችኋል? እኔ ብቻ አልሁን።

አሁን ከቀልዱ ውጪ። እትዬ ስንዱ አንድ ሰው አስታወሰችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለጾሙ መጥተው እዚህ ያገለገሉን አባ ኪሮስ፣ ግሪክ አገር እንደተማሩ ነግረውን ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ የት ደብር እንዳሉ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። በሳምንት አንድ ቀን የልጄን ደብተር ቢያዩለት ይበቃዋል።

አባ ኪሮስ የት እንዳሉ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።