የዳሩ ሊቅ

ሁሉን አውቆ ምንም የማይሠራ ሰው ለሰፈሩ ሸክም ነው። ፍርዱ የከረረ ቢመስልም፣ በቶኪዮ የናካኖ ሰፈር ነዋሪ በሙሉ ያጸድቀዋል፤ ኩራሞቺ ሳንን የማያውቅ የለምና። «ሳን» በዚያ አገር የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ኩራሞቺ ሳን ደግሞ ጡረተኛ ናቸው። ካሜራ በእጃቸው ይዘው ያያቸው ሰው የለም። ስለ ሌንስ የማያውቁት ነገር ካለ ግን ገና ያልተፈበረከው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ «ሊቀ ሌንስ» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። ማዕረጉ ፌዝ መሆኑን ያልተረዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዙፋናቸው ቤፑ ሳን ያገለገሉ ካሜራዎች በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ያለች አንዲት ዱካ ናት። ተቀመጡ ያላቸው አልነበረም፤ ተነሡ ለማለት የደፈረም የለም። ደንበኛ ገብቶ አንድ ሌንስ ገና ከመደርደሪያው ሲያነሣ ሊቁ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«የፎቶውን መሃል ማንኛውም ሌንስ ያሳምረዋል። ዳሩስ?»

ደንበኛው ይደነግጣል። እሳቸው ተነሥተው የዕለቱን ጋዜጣ ግድግዳው ላይ በመርፌ ይሰኩና «አንሣው!» ይላሉ። የተነሣውን ምስል አጉልተው ጥግ ጥጉ ላይ ያሉትን ፊደላት ሲመረምሩ የሞት ፍርድ የሚያነብ ዳኛ ይመስላሉ። «መልሰው» ይላሉ በመጨረሻ። ሰውየውም መልሶ ይወጣል። ቤፑ ሳንን ከጠፋው ገበያ ይልቅ የሚሰካው ጋዜጣ ብዛት ያስገርመው ነበር።

ድፍረታቸው በሱቁ ተወስኖ ቢቀር ሰፈሩ በታገሠ። የኑድል ቤቱ ባለቤት ምግቦቹን አስደርድሮ ያስነሣውን ትልቅ ፎቶ በር ላይ በሰቀለ ማግሥት፣ ሊቁ ከፊቱ ቆሙ።

«አለቃ፣ ዳር ያለችው ሳህን እንቁላል ሆናለች።»

«ምን ሆነች?»

«ሳህን ክብ ነው። ይቺ እንቁላል ናት። ሰው ምግብህን ሳይቀምስ ዓይኑን ያመዋል።»

የሆነው ሆኖ ፎቶው በማግሥቱ ወረደ። ከዚያ የባሰው የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀለው የመዋዕለ ሕፃናት ምስል ነው። «ዳር ያለው ልጅ ጭንቅላቱ ሐብሐብ አክሏል» ብለው ጮክ ብለው ሲናገሩ የልጁ እናት ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«የማን ልጅ ነው ሐብሐብ?»

«አይቆጡ እሜቴ፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም» ሲሉ ሊያጽናኗት ሞከሩ።

ሱዙኖ በእኒህ ሰው እጅ የወደቀችው በክፉ ጊዜ ነው። እናቷ ኢቶኤ ሳን ከባሏ የወረሰችውን ሺራኢቶ-ዩ የተባለ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ለብዙ ዓመታት ስታንቀሳቅስ ኖራ፣ የውሃ ማሞቂያው ከጥገና በላይ ሲሆን ልትዘጋው ወሰነች። የመጨረሻው ቀን እሑድ ነው፤ ሰኞ አፍራሾች ይገባሉ። ሱዙኖ የፈለገችው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፦ እናቷ፣ ደንበኞቿ ሁሉና ከገንዳው በላይ ግድግዳውን የሞላው የፉጂ ተራራ ሥዕል አብረው የሚታዩበት፣ በትልቁ ታትሞ የሚሰቀል ፎቶ።

ቤቱ ግን ጠባብ ነው። የዚያ አገር ፎቶ አንሺዎች «ሂኪ» የሚሉት ነገር አለ፤ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ቦታ ማለት ነው። ሺራኢቶ-ዩ ሂኪ የለውም። ሱዙኖ ጀርባዋን ከግድግዳው አጣብቃ፣ ሌንሷ የሚቀያየረውን ትንሽ ካሜራዋን ብታነጣጥር ግማሽ ተራራና ጥቂት ሰው ብቻ ይገባላታል። የስልኳ ፎቶ ደግሞ ሲተልቅ ይደበዝዛል። የሚያስፈልጋት ሰፋ አድርጎ የሚያይ፣ ዙም ባይኖረውም ከአቅሟ የማያልፍ ሌንስ ነው።

ወደ ቤፑ ሳን ሱቅ በሄደች ቁጥር ሊቁ ዱካቸው ላይ ነበሩ። የሌንስ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል። ሃያ ሚሊሜትሩን ስታነሣ «ይጠብሻል» አሉ። አሥራ ስድስቱን ስታነሣ ጋዜጣው ተሰካ፤ ፊደላቱ ተመረመሩ፤ «ዳሩስ?» ተባለች። ባዶ እጇን ተመለሰች። ቅዳሜ ከሰዓት በመጨረሻ ርካሹን አሥራ አራት ሚሊሜትር አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቤፑ ሳን፣ ይጠቅልሉልኝ።»

«ልጄ፣ ቆዪ» አሉ ሊቁ። «ሰው ልታነሺበት ነው? ዳሩ ላይ ሰው ልታቆሚ ነው?»

«ነገ ቤቱ ይዘጋል! ሁልጊዜ ዳሩስ፣ ዳሩስ! እርስዎ ግን በዕድሜዎ አንዲት ፎቶ አንሥተው ያውቃሉ?»

በዚያ ሰፈር ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይነገርም፤ ቤፑ ሳን እንኳን መጠቅለያውን ይዞ ደርቆ ቀረ።

«አንሥቼ አውቃለሁ» አሉ ኩራሞቺ ሳን በቀስታ። «አንድ። ዳሩ ግን…»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

እሑድ ገንዳው ከመሞላቱ በፊት ደንበኞቹ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው በወንዶቹ መታጠቢያ ክፍል ተሰበሰቡ። ወደዚያ ገብተው የማያውቁ ሴቶች እየተሳሳቁ ግድግዳውን ዳበሱ። አንዷ «የናንተ ፉጂ ከኛው ይበልጣል እንዴ? ስታታልሉን ኖራችኋላ!» ስትል ወንዶቹ ሳቁ። ሊቁም መጥተው ነበር፤ የደንበኞች ሁሉ አንጋፋ ስለሆኑ መሃል ቆሙ። ኢቶኤ ሳን እንደ ባለቤትነቷ እንግዶቿን ሁሉ አስቀድማ፣ ራሷ በመጨረሻው ዳር፣ ከውሃ መክፈቻዎቹ አጠገብ ቆመች። ጨዋነቱ ይህ ነው፤ ልብ ያለውም አልነበረም።

ሱዙኖ በገዛችው አሥራ አራት ሚሊሜትር ሌንስ አየች። ሁሉም ገቡ። ተራራው ሳይቀር ገባ። እንባዋ ሊመጣ ሲል ጣቷን መጫኛው ላይ አሳረፈች።

«ቆዪ፣ አታንሺ!»

ኩራሞቺ ሳን ከመሃል ወጡ። ሰው ሁሉ እያየ ባሏ የሞተባትን ኢቶኤ ሳንን የእጇን አንጓ ያዟት፤ ይዘውም ወደ መሃል ጎተቷት። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ጮኸች። ቤፑ ሳን «ኩራሞቺ ሳን! ምን ነካዎት?» እያለ ወደ ፊት ተራመደ።

«ኧረ ይልቀቁኝ!» አለች ኢቶኤ ሳን ፊቷ ቀልቶ። «እንግዶቼ እያሉ እኔ መሃል ልቆም? ነውር ነው!»

«ነውሩ ይምጣ» አሉ ሊቁ። «እኔም ነውር ነው ብዬ ነው ሚስቴን ዳር ያቆምኳት።»

አንጓዋን ለቀቁና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼን ቤቴ ጠራሁ። እንዲህ ያለ ሌንስ ገዝቼ ነበር፤ ርካሽ፣ ሰፊ። እንግዶቹን መሃል፣ እሷን ዳር አድርጌ አነሣኋቸው። በዚያው ክረምት ሞተች። ለቀብሯ ፎቶ ስፈልግ የምትስቅበት እሱ ብቻ ሆነ። ከዳሩ ቆርጬ አሳተምኩት። ፊቷ ወደ ጎን ተለጥጧል። እኅቷ ዕጣን ልታጨስ መጥታ ፎቶውን አየችና ‹ይህች ማን ናት?› አለችኝ።» ወደ ሱዙኖ ካሜራ ጠቆሙ። «ጥፋቱ የሌንሱ ርካሽነት አልነበረም፤ ውዱም ቢሆን ዳር ያለውን ይለጥጣል። ያቆምኳት እኔ ነኝ።»

ኢቶኤ ሳን ሊቁ በለቀቁት ቦታ፣ ልክ ከተራራው ጫፍ ሥር ቆመች።

«ታዲያ ዳሩ ላይ ማን ይቁም?» አለ ቤፑ ሳን ግራ ተጋብቶ።

«እኔ አለሁ» አሉና ኩራሞቺ ሳን ከውሃ መክፈቻዎቹ አጠገብ ሄደው ቀጥ አሉ። «የኔን ፊት ማንም አይፈልገውም። አንሺ ልጄ።»

ሱዙኖ አነሣች። ከዚያ እሳቸውንም ከእናቷ ጎን አቁማ ልትደግም ብትለምናቸው እጃቸውን አወዛውዘው እንቢ አሉ፤ ገንዳው ሲሞላም ፎጣቸውን ይዘው ከሁሉ በፊት ገቡ።

ፎቶው ዛሬ በእናቷ ሳሎን ተሰቅሏል። ኢቶኤ ሳን መሃል ላይ ልክ እንደ ራሷ ሆና ትስቃለች። ዳሩ ላይ ጭንቅላቱ ሐብሐብ ያከለ፣ ጆሮው ከትከሻው ሊያልፍ የደረሰ ሽማግሌ በከፍተኛ ክብር ቆሟል። ከመሰቀሉ በፊት ፍሬም ሠሪው «ይቺን ጥግ ብንቆርጣት ያምር ነበር» ቢላት፣ ሱዙኖ ፎቶውን ከእጁ ነጥቃ ወጣች።

ኩራሞቺ ሳን ከጥፋት ነፃ አይደሉም፤ ዳሩን እዩ እያሉ ምክንያቱን ለዓመታት ሸሽገዋል። ሰፈሩ ግን ያንን ሁሉ «ዳሩስ?» ሲሰማ ኖሮ አንድ ጊዜ እንኳ «ለምን?» አላላቸውም። ይገባቸው የነበረው ያ አንድ ጥያቄ ነው።