ዓባይን የቀጠለች «አቤት»

አንዲት ቃል ከዋሸሁ ዕድሜዬን ይቁረጠው! የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር። ኮምፒውተር ስላችሁ የዛሬው እንዳይመስላችሁ፤ ሆዱ ስድስት በሬ ያሳድራል። የእኔ ሥራ ስክሪን ላይ ካርታ የሚሥለውን ሣጥን ማዘዝ ነው። ሣጥኑ አንዱን መስመር ሲጨርስ «ቀጣዩን ስጠኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ይጣራል። ኮምፒውተሩን ደግሞ ሌሎች መሣሪያዎችም ይጠሩታል፤ አንዱ ከጠራው ጉዳዩን ከሥሩ ካልጨረሰ ቀና አይልም። እሱ እስኪመልስ ሥዕሉ ይቀደዳል። ዓባይ ጎጃም ላይ ይቆረጥና ወዲያ ማዶ ይጀምራል። ግብፅ ብታየው ምን ይውጣት ነበር?

በዚህ መሐል ፍቅረኛዬ ዓለምነሽ ከወገዳ ጻፈችልኝ። «ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኳል፤ አባቴ መልስ ሊሰጡ ነው። ምን ልበላቸው?» ትላለች። በሁለት መስመር መመለስ ነውር መሰለኝ! ካርታውን ልጨርስና፣ ጥሩ ወረቀት ገዝቼ፣ ልቤን ዘርግፌ እጽፋለሁ ስል ሦስት ወር አለፈ።

ስባንን አውቶቡስ ላይ ነኝ። ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያ ጋር ተሳፍሬ ደረስኩ።

ዓለምነሽ ደጅ ላይ ገብስ በሰፌድ ታበጥራለች። ቀና ብላ አላየችኝም። አባቷ ከዘራቸውን ይዘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ቆሜ በኮምፒውተሩ ማመካኘት! የጥሪውን፣ የመዘግየቱን፣ የተቆረጠውን ዓባይ ሁሉ ነገርኳት።

«ዓለም!» ብለው እናቷ ከውስጥ ተጣሩ።

«አቤት እማዬ!» አለች፤ እጇ ከሰፌዱ አልተነሣም። የያዘችውን አበጥራ ጨረሰች፣ ገባች፣ ተመለሰች።

«አየህ? አቤት ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? እማዬ እንደሰማኋት ካወቀች ትጠብቀኛለች። አንተ ሞኝ፣ ማሽንህም አንተኑ ነው የወጣው። ሦስት ወር ሙሉ አቤት እንኳ አላልከኝም!»

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኩ በስንት ጭንቅ።

አባቷ ቀደሟት። «ሦስት ጊዜ መለስኳቸው፤ ልጅቱ አልቅሳ አስቸገረችኝ። አሁን አንተ ሽማግሌ ትልካለህ ወይስ ገና ወረቀት ትገዛለህ?»

«እልካለሁ አባባ!» አልኩ። እንዲያ ፈጥኜ መልሼ አላውቅም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ፕሮግራሙን አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ሲጠራ አቤት ብሎ፣ ጉዳዩን መዝግቦ፣ ወደ ያዘው ይመለስ፤ ከባዱን ሥራ በኋላ በተራው ይሥራ አልኩ። ጥሪ ሁሉ አጭር ሲሆን የሣጥኑም ጥሪ ወዲያው ተሰማ። ዓባይ ተቀጠለ።

እሷም ይኸው እዚህ ቤት ናት። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ አንድ ጊዜ ጠራችኝ፤ ወዲያው አቤት አልኩ።

እሺ፣ ምያለሁና ልናዘዝ። ከዚህ ሁሉ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬአለሁ። የጠራችኝ አንድ ጊዜ አይደለም፤ ይቺ አራተኛዋ ናት።