አማቴን የላጠው ፖሊሽ

ሰው መኪናውን ሲወለውል ቆም ብላችሁ ፊቱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጁን ገላውን ሲያጥብ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። ሚስቱን በተመለከተ… እሱን እንተወው፣ ቤት አናፍርስ።

እኔ ይህን ትዕይንት የጠገብኩት ቦሌ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም። የቻለ አዲስ መኪና አስገባ፣ ያልቻለ ያለውን መወልወል ያዘ። ቦሌ ያኔ ግማሹ ቪላ፣ ግማሹ ጭቃ ነው። መኪናው እንደ መስታወት እያብለጨለጨ ከግቢ ይወጣል፤ አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ እስከ መስኮቱ ጭቃ ይለብሳል። ተመልሶ ይታጠባል። ደግሞ ይወለወላል። ውሃ ሦስት ቀን ሲጠፋ በጀሪካን የመጣችው ውሃ መጀመሪያ ለማን እንደምትደርስ ልንገራችሁ ወይስ ገምታችኋል?

አማቴ አቶ ዘለቀ በዚህ ነገር የሰፈሩ አውራ ነበሩ። መኪናቸው ጥቁር ናት፤ የፈረንሳይ ሥሪት፣ ያረጀች ግን ያልተጎሳቆለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኮታቸውን ያወልቁና በለስላሳ ጨርቅ ያሻሿታል። እንግዳ ከመጣ ሳይጠየቁ ታሪኳን ይነግሩታል። ከአንድ የፈረንሳይ ዲፕሎማት እጅ ነው የገዟት። ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። እሳቸውም በዘመናቸው “በትራንስፖርቱ በኩል” ከባድ ኃላፊነት ነበራቸው። ምን ዓይነት ኃላፊነት ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ትልቅ ሰውን እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

እኔና እሳቸው የተዋወቅነው በክፉ ነው። ልጃቸውን ሰብለን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ያ ብዙም አላስከፋቸውም። ቀጥለው የአባቴን ሥራ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ የአውቶቡስ ሹፌር ነው አሉ። አማቴ ፊታቸው ጠቆረ። “ልጄን ለመሪ ጨባጭ ልጅ አልሰጥም” አሉና ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ የተሰጠኝ በሽማግሌዎቹ ብርታት ሳይሆን በሰብለ እህል አልበላም ማለት ነው። ከተጋባን በኋላም አማቴ አምስት ዓመት ሙሉ “መምህር” አሉኝ እንጂ አንድ ቀን “ልጄ” ብለውኝ አያውቁም። አባቴም ይቺን ቃል ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ አማቴ ቤት ሳለሁ ከፈለገኝ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የሚያስጠራኝ።

እንዲህ እያለን የሰብለ ታናሽ ማርታ ልታገባ ሆነ። የሙሽራው አባት አቶ ግርማ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጡ ናቸው፤ ያኔ ቦሌ ውስጥ ከዚህ በላይ ማዕረግ አልነበረም። ሙሽራዋን በአዲሷ መኪናዬ እናመጣታለን ብለው መልእክት ላኩ። አማቴ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። ልጄ ከግቢዬ የምትወጣው በእኔ መኪና ነው አሉ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ችግሩ መኪናዋ ነች። ፀሐይ በልቷታል። ኮፈኗ ላይ ጥቁሩ እንደ አሮጌ ሱሪ ጉልበት ነጣ ነጣ ብሏል። አማቴ ደግሞ ትከሻቸውን እያመማቸው እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይወጣም። አንድ ቀን ጠሩኝና ጥሩ ፖሊሽ መርጬ መኪናዋን እንድወለውልላቸው ጠየቁኝ። የቆርቆሮው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፣ አንተ የተማርክ ነህ አሉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ፈለጉብኝ። ይህን ካበላሸሁ እንኳን ልጅ ልባል፣ መምህርነቴም አጠራጣሪ ነው።

እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሸምሱ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። ሁለት ቆርቆሮ ፖሊሽ አወረደልኝ። አንዱ ላይ “ፋይን” የሚል አለ፤ ሌላው ላይ “ኮርስ”። ሸምሱ ሁለቱንም ከፍቶ ጣቴን አስነከረኝ። በጣቶችህ መሃል እሸው አለኝ። የመጀመሪያው እንደ ቅቤ አለፈ። ሁለተኛው እንደ አሸዋ ቆረቆረኝ። “ለጥቁር መኪና ልስልሱን ውሰድ” አለኝ። “ጥቁር ቀለም ጭረት አይሸሽግም። ሻካራው ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ እያበራ ሳይሆን እየላጠ ነው የሚሄደው። የምትሠራው ጥላ ሥር ይሁን። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው። ጨርቅህን ቶሎ ቶሎ ቀይር።”

ከዚህ በላይ ምን ይባል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳስጻፍኩ አትጠይቁኝ። እኔ ግን ቆርቆሮዎቹን እያገላበጥኩ በልቤ ሌላ ስሌት ያዝኩ። “ፋይን” ማለት ምንድን ነው? ሃው አር ዩ ሲባል ፋይን ይባላል። ደህና ማለት ነው። እንግዲህ የአማቴ መኪና ለማርታ ሠርግ ደህና ብቻ ልትሆን ነው? “ኮርስ” ደግሞ ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ ኮርስ ያልወሰደ ሠራተኛ የት ነበር? ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መሆኑን ሸምሱም ራሱ መሰከረ። ሻካራውን ገዛሁ። ሸምሱ ራሱን ነቀነቀና ጠቀለለልኝ። አንዲት ፊደል የቃልን ትርጉም እንደምትለውጥ ለተማሪዎቹ የማይነግር የአማርኛ መምህር የለም፤ በሰው ቋንቋ ሲሆን ግን ልክ እንደሌለው ደፋር ሆንኩ።

ሠርጉ እሁድ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መኪናዋን ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ አቆምኳት፤ ብርሃን ያስፈልገኛላ። የማይታይ ቦታ የሚባለውንም ዘለልኩት፤ የማይታይ ቦታ ለማን ይታያል ብዬ ይሆን? በቀጥታ ኮፈኑን ማሸት ጀመርኩ። ጨርቁ ወዲያው ጥቁር ሆነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ነበረባት እንዴ እያልኩ በረታሁ። ጨርቅ ለወጥኩ፣ እሱም ጠቆረ። ሰብለ ሻይ ይዛልኝ መጣች፤ ጨርቆቹን አሳየኋት። እሷም ተገረመች። የአባቷን መኪና ቀለም እየወሰድኩ መሆኑ ለሁለታችንም አልታየንም።

ትንሽ ቆይቶ የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ። የሰማይ ነጸብራቅ መሰለኝ። እንዲህ ነው ማንጸባረቅ አልኩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ሥራዬን አደነቅሁ። ወደ ግራ ዞርኩ። ሰማዩ እዚያው ነው። ወደ ቀኝ ዞርኩ። አልተነቃነቀም። ቀና ስል ደግሞ ሰማዩ ደመና ለብሷል። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ነካሁት። ቀለም ነው። መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ቀለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እዚያ ጋ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ግቢውን ቃኘሁና ጣሪያው ላይ ከበሩ ከፍ ብሎ አንዲት ጥግ አሸሁ። አሸሁ፣ አሸሁ። ነጭ ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ታቹ ሰማያዊ ላዩ ነጭ የሆነ መኪና ምን ይባላል? ስድስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጠይቁት።

ዘወር ስል አማቴ በረንዳው ላይ ቆመዋል። መች እንደወጡ አላወቅሁም። ቀስ ብለው መጡ።

“አየኸው?” አሉኝ።

“አየሁት” አልኩ።

“ጣሪያውንም?”

“ጣሪያውንም።”

መኪናዋን ያጠብኩበትን ባልዲ ገለበጡና ላዩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ከአራት ኪሎ ቦሌ። ዲፕሎማት የሚሉት አልነበረም፣ ከሌላ ባለታክሲ ነው የገዟት። ቤት ሠርተው እዚህ ሲገቡ ሰብለ ገና ዳዴ ትላለች፣ አካባቢው ማሳ ነው፣ የሚያውቃቸው የለም። መኪናዋን ጥቁር አስቀቧት። የመጀመሪያው ጎረቤት ሥራዎ ምንድን ነው አላቸው። ትራንስፖርት አሉ። ኃላፊ ነዎት አላቸው። “ዝም አልኩ” አሉኝ። “ዝምታዬን ሹመት አደረጉት። ከዚያ በኋላ ከየት ልውረድ?”

ውስጡን ለቄስ ይባላል፤ የእሳቸው ለአማች ሆነ።

ይህን ቀን አምስት ዓመት ጠብቄው ነበር ብል አላጋነንኩም። የምናገረውን በልቤ ስንት ጊዜ እንዳረምኩት። ሲደርስ ግን የመጣልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። “አባቴን መሪ ጨባጭ አሉት” አልኳቸው።

“ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሹፌር ሲሉ ያወቁብኝ መሰለኝ” አሉ። “ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይሳደባል። አባትህን በድያለሁ።”

እንዴት ልቆጣ? የተቀመጡት ባልዲ ላይ ነው፤ ጫማቸው በእኔ ሳሙና ርሷል። ነገ ልጃቸው ታገባለች፣ መኪናዋ ደግሞ ተልጣለች። ቀለም ቀቢ ቢገኝ እንኳ ቀለሙ አይደርቅም። ሰብለን ጠራናት፤ እሷም ሰማች፣ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ አበባ እንለጥፍበት አለች። እሁድ ጠዋት ኮፈኑን በአበባ ሸፈንነው፤ ጣሪያው ላይ ያለችውን ደግሞ ሪባን ደበቀልን።

ሁለቱ ቤተሰብ ባንድ ላይ የደገሱት አትላስ አካባቢ ያለ አዳራሽ ነው። አማቴ ቀድመው ሄደው ከአቶ ግርማ ጋር በር ላይ ቆመዋል። ሙሽሮቹን ይዤ የምነዳው እኔ ነኝ። ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊታችን ካለችው መኪና ወገቡ ድረስ ወጥቶ ፍጠን ፍጠን እያለ በእጁ ያጣድፈኛል። ፈጠንኩለት። ነፋሱ አበባውን ከነማጣበቂያው ገነጠለው፤ ሪባኑም ተከተለ። አንዷ እቅፍ መስታወቴ ላይ ተለጠፈች፣ የቀረው ለኋለኞቹ ሄደ። ማርታ ምን ሆነ አለች። ምንም አልኩ። ምን ልበል?

አዳራሹ በር ላይ ስንቆም ሰማያዊውም ነጩም ፀሐይ ላይ ፍክት ብሏል። እልልታው ቀነሰ። የአቶ ግርማ አክስት ጠጋ ብለው አዩና ይቺ ነገር ታክሲ ነበረች እንዴ ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሰማ። የአማቴን ፊት አየሁ። ሰብለ እጃቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ኮታቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

“አዎ፣ ታክሲ ነበረች” አሉ። “ዘጠኝ ዓመት የነዳኋት እኔ ነኝ።”

አባቴም እዚያው ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ጥሪው ደርሶት መጥቷል። ቀና ሲል አየሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኸው ነው ልል ስል አቶ ግርማ ከት ብለው ሳቁ። አማቴን አቅፈው ሳሟቸው። ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ በራሱ የሚቀልድ ነው አሉ ለሰዉ። ሰዉም ተያይዞ ሳቀ። አማቴ ቀልድ አይደለም አሉ። ይበልጥ ተሳቀ። አማቴ የስንቱን ሻንጣ እንደተሸከሙ፣ ከየትኛው ትራፊክ ጋር እንደተጣሉ መናገር ጀመሩ፤ አክስቲቱ እንባቸውን መጥረግ ያዙ። ቪዲዮ ቀራጩ መጥቶ አባባ፣ ይድገሙልኝ አላቸው። ያን ዕለት ያላመኗቸው መቶ ሰዎች፣ ያመናቸው አንድ አባቴ ብቻ ነው። ምሳ ላይ አማቴ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ ስለ ፍሬን ሲያወሩ ዋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት አቶ ግርማ ገርጂ ያለው ቤቴ ድረስ መጡ። አዲሷን ብርማ መኪናቸውን አቆሙና ያቺን ሰማያዊ ነገር ለእኔም አውጣልኝ አሉ። ውጭ አገር እንዲህ ያለ ፋሽን እንዳለ ሰምተዋል። አይሆንም፣ የአማቴ መኪና እውነትም ታክሲ ነበረች ብዬ ማልኩ። አንተም ቀልዱን ተማርከው አሉኝ። በልስልሱ ልወልውልልዎት ብል እምቢ ብለው ከሠርጉ የተረፈኝን ሻካራ ተቀበሉኝ፣ ጎንበስ ብለው ራሳቸው ያሹ ጀመር። ብርማው ሄደ። ግራጫ መጣ። ግራጫውም ሄደና ባዶ ላሜራ ወጣ። አዩት። በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ከዚያ በኀዘን ወደ እኔ ዞሩ።

“መምህር” አሉኝ፣ “ሰማያዊውን አጉድለው ነው የሸጡልኝ።”