ለእናቴ ግቢ የሚሆን ሌንስ

በዚህ ከተማ ዋጋው ያልጨመረ ነገር ቢኖር ምክር ነው። ጤፍ ጨመረ፣ ታክሲ ጨመረ፣ የቤት ኪራዩንስ ተዉት፤ ምክር ግን ዛሬም በነጻ፣ ያውም ሳትጠይቁ፣ ደጃችሁ ድረስ ይመጣላችኋል። ካላመናችሁኝ አንድ ሰው ፊት «ጫማ ልገዛ ነው» በሉ። ዕድሜውን በአንድ ጥንድ ጫማ የጨረሰ ሰው ሳይቀር ስለ ሶል ያስተምራችኋል። እኔ ደግሞ ከጫማም የባሰ ነገር ነው ከአፌ ያመለጠኝ። «ሌንስ ልመርጥ ነው» አልኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እንጀራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሠርግ አላነሳም፤ ሠርግ ጉልበትና ሆድ ይጠይቃል። እኔ የማነሳው ሕንፃ፣ የሆቴል አልጋ፣ የብስኩት ካርቶን፣ ብቻ «ቁም» ሲሉት የሚቆም ነገር ነው። ለዚሁ ሥራ ብዬ አንድ ያገለገለ ሚዲየም ፎርማት ዲጂታል ካሜራ ገዛሁ። ለማታውቁት፣ ብርሃን የሚያርፍበት ገበታው ከተራው ካሜራ የሚሰፋ፣ ያነሳውን ፎቶ ግድግዳ ቢያሳክሉት እንኳ የማይደበዝዝ ካሜራ ነው። ሚዲየም ማለት መካከለኛ ማለት ነው። ዋጋው ግን ይህን የሰማ አይመስልም። በስንት እንደገዛሁት አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ታነበው ይሆናል።

ካሜራውን ገዛሁ ማለት ግን ገላውን ገዛሁ ማለት ነው። ዓይኑ፣ ማለትም ሌንሱ፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው። በሬ ገዝቶ ቀንበር መለመን በሉት። እስካሁንም ሥራ ሲገኝ ከወዳጄ ከብሩክ ሌንስ እየተከራየሁ ነበር የምሠራው፤ አሁን ግን አንዱን መርጬ የራሴ ላደርግ ቆረጥኩ። ይሄኔ ነው ምክሩ የዘነበው። ብሩክ «ዋይዱን፣ ሰፋ አድርጎ የሚያየውን ያዝ፤ ሁሉንም ያስገባልሃል» አለ። ሌላው «ረጅሙን፤ ፊት የሚያሳምረው እሱ ነው» አለ። ካሜራ በእጁ ነክቶ የማያውቀው ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ደግሞ «ዋናው ጥራት ነው» ብሎ ገላገለኝ። እኔ በበኩሌ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የገባኝ፣ የሌንስ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ መሆኑ ነው፤ ከምታነሳው ነገር ምን ያህል መራቅ ትችላለህ? በሰፊ ሜዳ ላይ ይሄ ቀላል ጥያቄ ነው። ኮልፌ ግን ሜዳ አይደለም።

እናቴ የምትኖረው ኮልፌ ነበር፤ ታክሲው ከሚዞርበት ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ መንገድ ጫፍ ላይ። እዚያ ነው የተወለድኩት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በአንድ ክፍል ጀመረ፤ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ክፍል እየቀጠለ ሄደ፤ ስለዚህ ቤታችንን ከውጭ ያየ ሰው ስንት እንደሆንን ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር። ማድ ቤቱ ከሳሎኑ፣ ሳሎኑ ከቧንቧው፣ ቧንቧው ከዘይቱኑ ዛፍ ተደጋግፈው የቆሙ ነው የሚመስሉት። አንዱ ቢወጣ ሁሉም የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ሳሎን እንደተቀመጠች የማድ ቤቱን ድስት ታማስላለች ብላችሁ ብታሙን ከእውነቱ ብዙ አትርቁም።

ባለፈው ዓመት ሰፈሩ ለልማት እንደሚፈርስ ተነገረን፤ ቀኑም ተቆረጠ። እማዬ አላለቀሰችም። የጎጃም ሰው ናት፤ እንባዋን ለለቅሶ ቤት ነው የምታስቀምጠው። ግን ጠርታ አስቀመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«ዕድሜ ልክህን የሰው ሆቴል ስታነሳ ኖርህ። እስቲ አባትህ የሠራውን ቤት ከነግቢው በአንድ ፎቶ አንሳልኝና ይዤው ልሂድ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

በሥራዬ ብዙ ደንበኛ አጋጥሞኛል፤ እንደዚች ያስፈራኝ ግን የለም። የሆቴል አልጋ ቢበላሽብኝ ተመልሼ አነሳዋለሁ፤ አልጋው የትም አይሄድም። ይሄ ግቢ ግን በወሩ መጨረሻ የለም። ካሳመርኩት አንዴ ነው፤ ካበላሸሁትም አንዴ።

የብሩክን ምክር ሰማሁና ዋይዱን ተከራይቼ ሄድኩ። ጀርባዬን ከቆርቆሮው አጥር አጣብቄ ቆምኩ። እውነትም ሁሉም ገባ። ቤቱ ገባ፣ ማድ ቤቱ ገባ፣ ቧንቧውና ዘይቱኑ ገቡ፣ እማዬ በሩ ላይ ወንበር ላይ፣ ደረጀ ዳር ላይ ቆሞ። ደስ ብሎኝ በትልቁ አሳተምኩና ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ቤቱ ያምራል» አለች። «የማን ነው?»

አልፈረድኩባትም። ዋይድ ሌንስ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያርቃል። ያች መዳፍ የምታክል ግቢያችን ኳስ ሜዳ መስላለች። ማድ ቤቱ አስኮ ደርሷል። እማዬ ራሷ ከበሩ ላይ እንደ ጫጩት አንሳ ተቀምጣለች። ዳር የቆመው ደረጀ ደግሞ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ሆዱ ለብቻው ወንበር የሚከፍል ተሳፋሪ ሆኗል። «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ ጮኸ። ሆዱን በተመለከተ ግን ካሜራው ያን ያህልም አልዋሸም።

እማዬ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍታ፣ «እኛ እኮ እንዲህ ተራርቀን ኖረን አናውቅም» አለች።

ይሄን ጊዜ ነው የትኛው ሌንስ እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ። ረጅሙ ነው። በረጅሙ ሌንስ ራቅ ብለው ሲያነሱ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ይመጣል፤ ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል፤ ግቢው እንደኖርንበት፣ ተፋፍጎ ይወጣል። ችግሩ ምንድን ነው? መራቅ ነዋ! ወደ ኋላ አንድ እርምጃ የምሄድበት ቦታ የለኝም። ከጀርባዬ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ እትዬ አስካለ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። እትዬ አስካለ በወጣትነታቸው ከከፋ መጥተው፣ ኮልፌ ገበያ ኮረሪማና ማር እየነገዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ጎረቤታችን ናቸው። እኛ ልጆች ሳለን በሁለቱ ቤቶች መካከል አጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ቴሌቪዥን የነበረው እሳቸው ቤት ነው፤ ቧንቧ የነበረው እኛ ቤት ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሰዉ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ይውላል። ምሳችንን የት እንደበላን እኛም፣ እነሱም፣ ማንም በትክክል አያውቅም ነበር። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም አንድ ቤት እንሰበሰባለን፤ ሁለት ሻማ ማቃጠል ብክነት ነው ተብሎ። ያኔ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሲጠፋ ስልክ ደውዬ እሳደባለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ተረት ሰው ሲተርተው እሰማለሁ፤ እኔ ግን በልቼዋለሁ፣ ተኝቼበታለሁ፣ ኩርኩምም ቀምሼበታለሁ።

ከዚያ እኛ ካደግን በኋላ በአንድ ክረምት የጣሪያችን አሸንዳ ዝጎ ተቀደደና ውሃው ሁሉ የእትዬ አስካለ ጓዳ ገባ። ለእንቁጣጣሽ ገበያ ያስቀመጡትን ኮረሪማ አበሰበሰው። መጥተው «ጥሩዬ፣ እንግዲህ ምን ይሻላል?» አሏት። እናቴ ስሟ ጥሩነሽ ነው፤ ጥሩዬ የሚሏት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እማዬ አንዴ «እኔን!» ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ደነገጠች መሰለኝ፤ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ምላሱ ይቀድመዋል።

«የእግዜር ዝናብ ነው እንግዲህ፤ እኔ አላዘነብኩት» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በሳምንቱ የቆርቆሮው አጥር ቆመ። እኔ አሸንዳውን አስጠገንኩ፤ ቃሉን የሚጠግን ቆርቆሮ ሠራተኛ ግን በኮልፌ ምድር አልተገኘም።

ጠላቶች ነበሩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጠላት መሆንስ ይቀላል። እነሱ ኩርፊያ ላይ ነበሩ፤ ኩርፊያ ደግሞ የሚዋደዱ ሰዎች ሥራ ነው፣ ከባድና አድካሚ። እድር ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ አንዷ ከቀረች ግን ሌላዋ አንገቷን እያሰገገች በሩን ታያለች። እማዬ ጉንፋን ይዟት ስታስል ባደረች ማግስት፣ ከቆርቆሮው በላይ አንድ እስር ዳማ ከሴ ዱብ ይላል። እማዬ ታነሳውና ቅጠሉን በመዳፏ እያሸች «ነፋስ ነው ያመጣው» ትላለች። በክር አስሮ የሚያመጣ ነፋስ የት አገር እንዳለ ጠይቄያት አላውቅም።

ታዲያ «እማዬ፣ ፎቶውን እንደምትፈልጊው ለማንሳት እትዬ አስካለ ግቢ መቆም አለብኝ» ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«እንግዲያው ተወው።»

«ፎቶውስ?»

«በልቤ ይዤው እሄዳለሁ።»

ተናደድኩ። ሁለት አሮጊቶች፣ ሊፈርስ ሳምንታት በቀሩት አጥር ግራና ቀኝ፣ እንደ ድንበር ጠባቂ ተፋጠው! ተናድጄ ወጣሁና ዞሬ የእትዬ አስካለን በር አንኳኳሁ። እሳቸውም እቃ እያሰሩ ነበር። ሌንስ ምን እንደሆነ፣ ለምን መራቅ እንዳለብኝ፣ ማድ ቤቱ ለምን አስኮ እንደደረሰ በዝርዝር አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና፦

«ካሜራህ ቆርቆሮ አልፎ ያያል?» አሉኝ።

«አያይም እትዬ። ይፍቀዱልኝና ሁለት ቆርቆሮ ልንቀል ነው።»

አጥሩን ራሳቸው ቆመው ያስመቱት ነው፤ እያንዳንዱን ምስማር ያውቁታል። ገመዱን በእጃቸው እየጠቀለሉ ቆዩና «ንቀለው» አሉ። «መቼስ ነገ ለቆራሌው ነው።» ድምፃቸው ግን ለቆራሌው የሚሆን ዕቃ የሚሰጥ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ደረጀ ምስማሩን ነቀለ። ሆዱ ምንም ቢሆን ጉልበት አለው። ቆርቆሮው ሲወርድ እማዬ ሳሎን ነበረች፤ በበሩ በኩል የእትዬ አስካለን ግቢ፣ የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን፣ የእትዬ አስካለን ቀሚስ ጫፍ አየች። ተነስታ የሀገር ልብሷን ለበሰችና መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ የካሜራውን መቆሚያ እየጎተትኩ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ የእትዬ አስካለ በር ደፍ ላይ እስክደርስ ሄድኩ። ከብሩክ በተከራየሁት ረጅም ሌንስ አየሁ።

ማድ ቤቱ መጥቶ ከሳሎኑ ገጠመ። ዘይቱኑ ቧንቧው ላይ አጎነበሰ። አባቴ የቀጣጠላቸው ክፍሎች ሁሉ ተጠጋግተው፣ ተፋፍገው፣ እማዬ መካከላቸው ተቀምጣ። ልጅ ሆኜ፣ ከእትዬ አስካለ ቤት ቴሌቪዥን አይቼ ስወጣ የማየው ቤታችን ይሄ ነበር፤ ከዚሁ በር ነበር የማየው። አጥሩ ከቆመ ጀምሮ ማናችንም ቤታችንን ከዚህ አይተነው አናውቅም።

እማዬ ግን ፊቷን የመታወቂያ ፎቶ አድርጋዋለች።

«እማዬ፣ ፈታ በይ እንጂ!»

«ፈትቻለሁ» አለች በጥርሷ።

እትዬ አስካለ ከትከሻዬ አጠገብ ቆመው ነበር። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ድንገት፦

«ጥሩዬ!» አሉ።

ደረጀ መዶሻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ነጠላሽ ተንሸራቷል። በግራ በኩል።»

እማዬ እጇን ወደ ቀኝ ሰደደች።

«በግራ አልኩሽ እኮ! ዛሬም ግራና ቀኝሽን ለይተሽ አታውቂም?»

እናቴ ሳቀች። ከሆዷ፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አንቺ ማዶ ቆመሽ፣ የማንኛችን ግራ እንደሆነ በምን ልወቅ!» አለች። እኔም ይሄኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ያ አጥር ተመልሶ አልቆመም። ከዚያ በኋላ እስከ መልቀቂያችን የነበሩትን ጥቂት ሳምንታት ሁለቱ ሴቶች በክፍተቱ ላይ ወንበር አድርገው፣ እቃውን ለልጆች ትተው፣ ሲያወሩ ዋሉ፣ አመሹ። ደስ አይልም? ደስ ይላል። ግን ደግሞ ያንገበግበኛል፤ ያ ሁሉ ክረምት ለዝምታ ተሰጥቶ ለወሬ የተረፈው እነዚያ ቀናት ብቻ መሆናቸው። ከዚያ እማዬ በከተማው አንድ ዳር፣ እትዬ አስካለ ከልጃቸው ጋር በሌላው ዳር ገቡ። ለመጠያየቅ ታክሲና ባቡር መቀያየር ነው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይወድም። በስልክ ይገናኛሉ። አንዳንዴ እንደ ድሮው ይኳረፋሉ፤ አሁን ግን እማዬ ቀድማ ትደውላለች።

እኔ ረጅሙን ሌንስ ገዛሁት። ዛሬ የትኛው ይሻለኛል ብሎ የሚያማክረኝ ሲመጣ ስለ ሌንስ ሚሊሜትር ከማውራቴ በፊት «ከኋላህ የሚኖረው ማን ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያበድኩ ይመስለዋል።

ፎቶው እማዬ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳውን ግማሽ አክሎ ተሰቅሏል። ሚዲየም ፎርማት ነውና የዘይቱኑ ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንግዳ ሁሉ ግን የሚጠይቀው ስለ ዘይቱኑ አይደለም። «እማማ፣ እዚህ ላይ ማንን እያዩ ነው እንዲህ የሳቁት?» ይላል።

እማዬ ጥያቄው ይገርማታል።

«አስካለን ነዋ! አትታይህም?»

እንግዳውም ይሉኝታ ይይዘውና፣ ወደ ፎቶው ጠጋ ብሎ ይፈልጋል።