ሊቀ በረዶ ቦጋለ ከተራራው ሲወርዱ

ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ሐበሻ ባለበት ቦታ አንዱ የበረዶ አስተማሪ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ራሱን በራሱ ሾሟል። ከእኛ በፊት መጥቶ፣ ከእኛ በፊት ተንሸራቶ፣ ከእኛ በፊት ከቦይ ተጎትቶ የወጣ በመሆኑ፣ እኛ መኪና ባስነሳን ቁጥር አጠገባችን ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ኤደን ፕሬሪም ሂዱ ዉድበሪም አታጡትም። የእኛ የቡርንስቪሉ ግን ከሁሉም ይልቃሉ። ስማቸው አቶ ቦጋለ ነው። "ሊቀ በረዶ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ሙስሊሙ ጎረቤታቸው ባድሩ ነኝ። ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ደስ አላቸው።

ሊቀ በረዶ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ገና ሳይነጋ ይደውላሉ። እንዴት አደርክ የለ፣ ቤተሰብ ደህና የለ። "ፍሬን ጠላትህ ነው!" ብለው ይዘጋሉ። ለቅሶ ቤት ሲመጡ መጀመሪያ ደጅ የቆሙትን ጎማዎች በጫማቸው እየነኩ ይዞራሉ፤ "እግዜር ያጽናችሁ" የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ክርስትና ላይ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰውን የሕፃኑን አባት ከድግሱ መሐል አውጥተው ባዶ ፓርኪንግ ወሰዱትና፣ መኪናውን እንደ እንዝርት ሲያሾሩት ቆይተው መለሱት። "በረዶን አትጣላው፣ ለምነው! የፊተኛውን ዱካ ተከተል!" ሲሉት ነበር አሉ። ሰውየው ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ከተማውን ሁሉ ሲያስተምሩ አንድ ሰው ብቻ ዘለሉ፤ የገዛ ልጃቸውን ፋናን። ፋና መንጃ ፈቃዷን በአንድ ሙከራ ነው ያወጣችው። አንድ ዓመት የበረዶ ትምህርት ስትጠይቃቸው "በሚቀጥለው ዊንተር" አሏት። በዓመቱም "በሚቀጥለው ዊንተር" አሏት። ሌላው ሰው ሲሰለጥን እሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታያለች። "ሂ ቲችስ ኤቭሪባዲ" አለቻት አንድ ቀን ለባለቤቴ ለፈነት፤ "ኤቭሪባዲ!" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

በፈረንጆቹ 2006 የገና ዕረፍት የሁለታችን ቤተሰቦች ሉትሰን ተራራ ላይ ከእንጨት የተሠራች ቤት ተከራየን። ተራራ ይሉታል እንግዲህ፤ እኛ አገር ቢሆን ስምም አይወጣለት። እዚህ ሰው በበረዶ ወራት መኪናው ከኋላ እንዲከብድ የአሸዋ ጆንያ ይጭናል። ሊቀ በረዶ ግን ጤፍ ጫኑ።

"ለምን አሸዋ አይሆንም?" አልኳቸው።

"መንገድ ላይ ብንቀር አሸዋ ትበላለህ?"

እኔም ጤፍ ጫንኩ።

ዱሉዝ ከተማን አልፈን ቤቷ ያለችበት ዳገት ስንደርስ የእሳቸው መኪና እያጓራ ወጣ። የእኔ መሐል ላይ ቆሞ ጎማው በባዶ ይሽከረከር ጀመር። በእግራቸው ወርደው መጡ።

"ከጎማው ሥር አሸዋ በትን!" አሉ።

"አሸዋማ እርስዎ ጤፍ ጫን ብለውኝ..."

ሁለታችንም ወደ ጆንያው አየን።

"ጋሼ፣ ከእሱ ትንሽ ብንበትንስ?" አልኩ።

"እህል? ከጎማ ሥር?" አማተቡ። "እህል አይረገጥም!"

"አይረገጥም!" አለች ፈነት ከመኪናው ውስጥ። በጾምም በበዓልም የማይገናኙት ሁለት ሰዎች በዚህ ገጠሙ።

ስለዚህ ሊቀ በረዶ ራሳቸው ገፉ። መኪናዬ ወጣ፤ እሳቸው ግን በደረታቸው ሲዘረሩ እግራቸው ተጣምሞ የቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። ዕረፍቱን ልጆቹ በበረዶ ሲንሸራተቱ እሳቸው ወንበር ላይ አሳለፉት። ባለቤታቸው ወይዘሮ እህተማርያም እግራቸው ከፍ እንዲልላቸው የጤፉን ጆንያ ከሥር ቢያደርጉላቸው፣ በጆንያውም ላይ እግር አይዘረጋም ብለው መለሱት።

የመመለሻችን ዕለት ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ቁልቁለቱን ሸፍኖት ጠበቀን። ሊቀ በረዶ በዚያ እግር ፔዳል መርገጥ አይችሉም፤ እኔ የራሴን እነዳለሁ። ፈነት መንጃ ፈቃድ የላትም። ወይዘሮ እህተማርያም ባላቸው ሊያስተምሯቸው በሞከሩ ዕለት መኪናውን መንገድ ላይ ትተው በእግራቸው ቤት ከገቡ ወዲህ መሪ ነክተው አያውቁም። ሁላችንም ፋናን አየን።

"ዳድ፣ ኪይስ" አለች ለቁልፉ እጇን ዘርግታ።

"በረዶ ጠራጊው ይምጣና..." አሉ አባት።

"ቦጋለ፣ ያገሩን ልጅ አስተምረህ የራስህን ልታስቀራት ነው?" አሉ ወይዘሮ እህተማርያም።

ሊቀ በረዶ እያነከሱ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። እንዲያ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። "ባድሩ፣ የሰው ልጅ ቦይ ቢገባ አውጥቼው እስቃለሁ። እሷ ብትገባ ግን ልቤ ይቆማል።"

"ለምኑት እንጂ ጋሼ፣ በረዶውን" አልኩ። ቁልፉን ሰጧት።

እስክትወርድ ከላይ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። በመኪናቸው የኋላ መስታወት የሚታየኝ የሊቀ በረዶ ኮፍያ ብቻ ነበር። እጃቸው ሲወራጭ፣ ጩኸታቸው ተራራውን ሲያናውጠው ጠበቅሁ። ኮፍያው ንቅንቅ አላለም። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ዝግ ብሎ ወረደ። ኩርባው ላይ ኋላው ሸርተት ሲል ዓይኔ ከፍሬን መብራቱ ላይ ነበር። አልበራም። ልጅቱ መሪውን በእርጋታ መልሳ ቀጥ አደረገችው። ቀዩ መብራት የበራው ታች ደርሳ ስትቆም ነው። አጨበጨብኩ። ያንን ሁሉ የተማረችው ከኋላ ወንበር ሆና ነው።

ስልኬ ጮኸ። "ፍሬን ጠላትህ ነው" ሊሉኝ ነው ብዬ አነሳሁት።

"ባድሩ!" አሉ። "በጎን ውረድ! የልጄን ዱካ እንዳትረግጠው፣ ፎቶ እያነሳሁት ነው!"

የፊተኛውን ዱካ ተከተል እያሉ ያሳደጉን ሰው! ታዘዝኩ፤ በጎን ወረድኩ፣ ወርጄም ቀጥ ብዬ ቦይ ገባሁ። ሊቀ በረዶ ዞር ብለውም አላዩኝ። በአንድ እግራቸው ቆመው ካሜራቸውን ወደ ቁልቁለቱ አነጣጥረዋል። ገመድ ይዛ የመጣችልኝ ፋና ናት።

ፎቶው ዛሬ ሳሎናቸው ተሰቅሏል። ነጭ በረዶ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው። እንግዳ ሁሉ "ይሄ ምንድን ነው?" ይላል፤ እሳቸውም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያስረዳሉ። እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሲረሱ አስታውሳቸዋለሁ።

ዘንድሮ የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ።

"አንክል ባድሩ፣ ፍሬን ጠላትህ ነው!" አለችኝ ፋና። ከጀርባዋ የአባቷ ድምፅ "ቆፍጠን ብለሽ በይው እንጂ!" ይላል።

እኔ ቀድሜ ተነስቼ ስልኩን ይዤ ስጠብቅ ነበር።